የዊንግሱት የቡድን በረራ

የዊንግሱት የቡድን በረራ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘላዮች ባለክንፍ ልብስ ለብሰው ከአውሮፕላን ከዘለሉ በኋላ፣ ፓራሹት እስከሚከፍቱበት ከፍታ ድረስ ተቀራርበውና አስቀድመው የተስማሙበትን ቅርጽ ይዘው የሚበሩበት የአየር ስፖርት ነው። ከፓራሹት ዝላይ (ስካይዳይቪንግ) ዘርፎች አንዱ ነው።

ዊንግሱት ወይም ባለክንፍ ልብስ ሦስት የጨርቅ ክንፎች አሉት፤ ሁለቱ በእጆችና በጎን መካከል፣ ሦስተኛው በሁለቱ እግሮች መካከል የተዘረጉ ናቸው። ክንፎቹ በሁለት ድርብ ጨርቅ የተሠሩ ስለሆኑ በፊታቸው ባሉ ቀዳዳዎች አየር ገብቶ ይነፋቸዋል። ልብሱ ሞተር የለውም። ሥራው የዘላዩን ቁልቁል መውደቅ ወደ ፊት መንሸራተት መለወጥ ብቻ ነው። ማረፊያም አይደለም፤ በረራው ሁሉ የሚያበቃው በፓራሹት ነው። ከዚህ ውጪ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ጋሪ ኮነሪ በሜይ 23 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ፓራሹት ሳይከፍት በሺህ የሚቆጠሩ ባዶ የካርቶን ሳጥኖች ክምር ላይ ያረፈበት ትዕይንት ሲሆን፣ ይህም ብዙ ዝግጅት የተደረገበት የተለየ ሙከራ እንጂ የስፖርቱ ልማድ አይደለም።

በአማርኛ ፓራሹት «ጃንጥላ» ተብሎም ይጠራል፤ አብዛኛው አንባቢ ዝላይን የሚያውቀው «አየር ወለድ» ከሚባለው የጦር ክፍል ነው። የወታደሩ ዝላይ ግን ከዚህ ጋር ብዙ አይመሳሰልም። አየር ወለዱ ዝቅ ካለ ከፍታ ይዘላል፣ ፓራሹቱም ከአውሮፕላኑ ጋር በታሰረ ገመድ ወዲያው ይከፈትለታል። የዊንግሱት በራሪ ግን ለደቂቃዎች ያለ ፓራሹት ይቆያል፤ መቼና የት እንደሚከፍትም የሚወስነው ራሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተራ ዝላይ የሚለይበት

ደረቱን ወደ ምድር አድርጎ የሚወድቅ ተራ ዘላይ በሰዓት 190 ኪሎሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ከ4,000 ሜትር ከፍታ ቢዘል ፓራሹቱን እስከሚከፍት ያለው ጊዜ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ዊንግሱት የለበሰው ግን ቁልቁል የሚወርደው በሰዓት ከ60 እስከ 100 ኪሎሜትር በሚሆን ፍጥነት ሲሆን፣ ወደ ፊት ደግሞ በሰዓት 150 ኪሎሜትርና ከዚያም በላይ ይጓዛል። ስለዚህ በአየር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይቆያል። ጥሩ በራሪ አንድ ሜትር ሲወርድ ወደ ፊት ሁለት ሜትር ተኩል ይንሸራተታል ቢባል፣ ከ4,000 ሜትር ወደ 1,500 ሜትር እስኪወርድ ከስድስት ኪሎሜትር በላይ ተጉዟል ማለት ነው።

የአደጋው ዓይነት የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ተራ ዘላዮች አብረው ሲወድቁ አንዱ ሌላውን የሚያየው በአየር ላይ የቆመ ያህል ሆኖ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ታች፣ በተቀራረበ ፍጥነት ይሄዳሉና። ዊንግሱት የለበሱ ሁለት ሰዎች ግን ፊት ለፊት ቢመጡ የሚቀራረቡበት ፍጥነት የሁለቱ ድምር ነው። እያንዳንዳቸው በሰዓት 150 ኪሎሜትር ቢበሩ በአንድ ሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ይቀራረባሉ። ይህን ያህል ርቀት ላይ ያለ ሰው ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ፣ አይተውት ለመሸሽ የሚተርፍ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲበሩም ቢሆን የ10 ኪሎሜትር የፍጥነት ልዩነት በአንድ ሰከንድ ሦስት ሜትር ያህል ያቀራርባል፤ በቅርጽ ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

ታሪክ

በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1912 ፍራንዝ ራይሸልት የተባለ በፓሪስ የሚኖር ልብስ ሰፊ ራሱ የሰፋውን ካፖርት መሰል ፓራሹት ለብሶ ከአይፍል ማማ የመጀመሪያ ፎቅ ዘለለ። ባለሥልጣናቱ የጠበቁት በአሻንጉሊት እንዲሞክረው ነበር። ልብሱ አልሠራም፤ ሰውየውም እዚያው ሞተ። ሲኒማ አንሺዎች በቦታው ስለነበሩ ትዕይንቱ በፊልም ተቀርጾ ቀርቷል። ራይሸልት ብዙ ጊዜ የዊንግሱት መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ልብሱ ግን ከክንፍ ይልቅ ለፓራሹት ይቀርብ ነበር። ባለክንፍ ልብስን መጀመሪያ እንደተጠቀመ የሚነገርለት በ1930 የዘለለው የሎስ አንጀለሱ የ19 ዓመት ወጣት ሬክስ ፊኒ ነው።

በ1930ዎቹና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ «ወፍ ሰው» የሚባሉ ዘላዮች በአየር ትርኢቶች ላይ ሕዝብ ይሰበስቡ ነበር። ከእነርሱ ሁለቱ የሞቱበት መንገድ ለዛሬው ስፖርት ትርጉም አለው። አሜሪካዊው ክሌም ሶን በአፕሪል 25 ቀን 1937 ፈረንሳይ ውስጥ ቬንሴን ላይ በብዙ ሕዝብ ፊት ዘልሎ በረራውን በሰላም ጨረሰ፤ የሞተው ፓራሹቶቹ ሊከፈቱለት ስላልቻሉ ነው። ፈረንሳዊው ሊዮ ቫለንቲን ከእንጨት በተሠሩ ጠንካራ ክንፎች ይበር ነበር። በሜይ 21 ቀን 1956 ሊቨርፑል ላይ ከአውሮፕላኑ ሲወጣ ክንፉ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ተሰበረ፤ እየተሽከረከረ ሲወርድም ፓራሹቶቹ በላዩ ላይ ተጠመጠሙ። አንዱን የፓራሹቱ አከፋፈት፣ ሌላውን የአውሮፕላኑ በር ገደለው እንጂ ሁለቱንም የገደላቸው በረራው ራሱ አልነበረም። በሩና አከፋፈቱ ከዚያ ወዲህም የአደጋ ቦታዎች ሆነው ቀርተዋል። የቡድን በረራ ሦስተኛ ይጨምርባቸዋል፤ እርሱም አብሮ የሚበር ሰው ነው።

የዛሬውን ዓይነት ልብስ የሠራው ፈረንሳዊው ፓትሪክ ደ ጋያርዶን ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጠንካራውን እንጨትና ሸራ ትቶ በአየር የሚነፉ ለስላሳ የጨርቅ ክንፎችን አመጣ። በአፕሪል 13 ቀን 1998 ሃዋይ ውስጥ በፓራሹት ቦርሳው ላይ ያደረገውን ማሻሻያ ሲሞክር፣ በአሠራሩ በተፈጠረ ስህተት ፓራሹቱ ሳይከፈትለት ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ፊንላንዳዊው ያሪ ኩኦስማና ክሮኤሽያዊው ሮበርት ፔችኒክ በርድማን የተባለውን ኩባንያ አቋቁመው ዊንግሱትን ለማንኛውም ልምድ ላለው ዘላይ መሸጥ ጀመሩ። ልብሱን ከመሸጥ ጋር አሠልጣኞችንም ማሠልጠን መጀመራቸው ከልብሱ ያልተናነሰ ውጤት ነበረው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ባለክንፍ ልብስ የጥቂት ደፋሮች ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን አስተማሪና ተማሪ፣ ደንብና ደረጃ ያለው ስፖርት ሆነ። ሰዎች አብረው መብረር የቻሉትም አንድ ዓይነት ነገር ስለተማሩ ነው።

ቅርጹና ክብረ ወሰኑ

በቅርጽ በረራ አንድ ሰው መሪ ይሆናል። መሪው ከሁሉም ፊት ሆኖ አቅጣጫውን፣ ፍጥነቱንና የአወራረዱን መጠን ይወስናል፤ ሌሎቹ ከእርሱ አንጻር የተሰጣቸውን ቦታ ይዘው ይቆያሉ። ሰዎቹ እጅ ለእጅ አይያያዙም። ተራ ዘላዮች በሚሠሩት ቅርጽ መያያዝ ግዴታ ነው፤ በዊንግሱት ግን እጅ ራሱ ክንፍ ስለሆነ ጎረቤትን መያዝ ክንፍን ማጠፍ ይሆናል። ሁለት በራሪዎች ለጨዋታ ያህል እጅ መነካካታቸው የተለመደ ቢሆንም ትልልቅ ቅርጾች የሚለኩት በክፍተት ነው።

የመሪነት ሥራ ከውጭ ሲታይ ቀላሉ ይመስላል፤ ቀጥ ብሎ መብረር ብቻ ነውና። ሆኖም ቅርጹን የሚያበላሸውም ሆነ የሚያድነው መሪው ነው። ቀላል ሰውነት ኖሮት ሰፊ ልብስ የለበሰ ሰው አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ከባድ ሰው በጠባብ ልብስ ቶሎ ይሰምጣል። መሪው እጅግ ዝግ ብሎ ቢወርድ ከባዶቹ ከሥሩ ይቀራሉ፤ ቢፈጥን ደግሞ ቀላሎቹ ከላይ ይቀሩና ለመድረስ አፍንጫቸውን ደፍተው ይወርዳሉ። ከሥር የቀረ ሰው ተመልሶ መውጣት ይከብደዋል። ከላይ የቀረው መውረድ ይችላል፤ አደገኛው ግን እርሱ ነው፤ በፍጥነት እየወረደ ወደ ሰዎች ይመጣልና። ስለዚህ ልምድ ያለው መሪ ከችሎታው መካከለኛውን መርጦ ይበራል፤ ብዙዎቹ መሪዎች በጀርባቸው ተንጋለው ከኋላቸው ያሉትን እያዩ መብረርም ይችላሉ።

ቅርጹ አብዛኛውን ጊዜ የአልማዝ ወይም የቀስት ራስ መልክ አለው። በኖቬምበር 2008 በካሊፎርኒያ ሌክ ኤልሲኖር 71 ሰዎች፣ በኖቬምበር 12 ቀን 2009 በዚያው ቦታ 68 ሰዎች፣ በሴፕቴምበር 22 ቀን 2012 ደግሞ በካሊፎርኒያ ፔሪስ 100 ሰዎች በአንድነት በረዋል። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን (ኤፍ.ኤ.አይ.) ለዚህ ዓይነት ክብረ ወሰን የራሱን የዳኝነት መመዘኛ የተቀበለው ግን በ2015 ነው። በዚህ መመዘኛ ከላይ በተነሳው ፎቶግራፍ ላይ የመስመር መረብ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ በራሪ በራሱ ሳጥን ውስጥ መገኘት አለበት፤ አንድ ሰው እንኳ ከሳጥኑ ከወጣ ሙከራው ይወድቃል። በኦክቶበር 17 ቀን 2015 ፔሪስ ላይ በዚህ መለኪያ የጸደቀው ቅርጽ 61 ሰዎች ነበሩበት። ቁጥሩ ከ100 ያነሰው ስፖርቱ ወደ ኋላ ስለሄደ ሳይሆን መረቡ ጠባብ ስለሆነ ነው። በእርግጥም 61 ሰዎችን በጠባብ ሳጥኖች ማስቀመጥ 100 ሰዎችን በሰፊው ከማሰለፍ የሚቀል አይደለም።

ይህን ያህል ሰው በአንድ አውሮፕላን አይጫንም። ለዝላይ በብዛት የሚያገለግለው ትዊን ኦተር ሃያ ሰው ገደማ ስለሚይዝ፣ ሦስት አራት አውሮፕላኖች ራሳቸው በቅርጽ ጎን ለጎን እየበሩ ሰዎቹን በአንድ ጊዜ ያወርዳሉ። ከመጀመሪያው አውሮፕላን መሪዎቹ፣ ከሌሎቹ የጎንና የኋላ ቦታ ያላቸው ይወጣሉ። ቅርጹን ለመገንባት ያለው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ብዙም አይዘልም።

ከቡድን ቅርጽ ሌላ በኤፍ.ኤ.አይ. ሥር ሁለት ውድድሮች አሉ። በአንደኛው እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ሆኖ በ1,000 ሜትር የከፍታ ክልል ውስጥ ባስመዘገበው ጊዜ፣ ርቀትና ፍጥነት ይለካል። በሁለተኛው ሁለት ተወዳዳሪዎችና አንድ የቪዲዮ አንሺ በቡድን የአክሮባት እንቅስቃሴ ያሳያሉ፤ ነጥብ የሚሰጠው በቪዲዮው ስለሆነ አንሺውም እንደ ተወዳዳሪ ይቆጠራል። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በ2016 በፍሎሪዳ ነው።

ከአውሮፕላን መውጣት

በራሪው ከበሩ ሲወጣ ልብሱ ወዲያው አየር ይይዛል። ክንፉን ቶሎ ከዘረጋ ከበሩ በላይ ተንሳፍፎ ከአውሮፕላኑ ጅራት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ይህ ግጭት ዘላዩን ሊገድል፣ ጅራቱን ሰብሮም አውሮፕላኑን ከነተሳፋሪው ሊጥል ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት እጅና እግርን ሰብስቦ መውጣት፣ ጅራቱ ከራስ በላይ ማለፉን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ክንፍ መዘርጋት ነው። አብራሪውም በመውጫው ሰዓት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አፍንጫውን ወደ ላይ አያነሳም፣ ጅራቱ ዝቅ ይላልና። በቡድን ሲወጡ ሁሉም ሰው መሪውን ቶሎ ለመድረስ ይቸኩላል፤ ክንፍ ያለጊዜው የሚዘረጋውም በዚህ ችኮላ ነው።

ሌላው ጥያቄ ከማን በኋላ መውጣት የሚለው ነው። በአብዛኞቹ የዝላይ ሜዳዎች የዊንግሱት በራሪዎች ከሁሉም በኋላ ይወጣሉ። ሌሎቹ ዘላዮች ከወጡበት ነጥብ በታች ፓራሹታቸውን ይከፍታሉ፤ የዊንግሱት ቡድን ግን ወደዚያ አየር ተመልሶ ሊገባ የሚችል ብቸኛው ቡድን ነው። ይህን ለመከላከል ቡድኑ እንደወጣ ከአውሮፕላኑ መስመር ወደ ጎን ይታጠፋል፤ ከዚያ ከመስመሩ ርቆ ወደ ሜዳው አቅጣጫ ይመለሳል። በአንድ ጭነት ሁለት ቡድኖች ካሉ አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ይሄዳል። መስመሩ በሳተላይት ካርታ ላይ ተሥሎ ከመሳፈር በፊት ለሁሉም ይታያል፤ የንፋሱም አቅጣጫ በየከፍታው ይነገራል።

ከዘላዮቹ ሌላ መስመሩን ማወቅ ያለበት ሰው አብራሪው ነው። አብራሪው ሰዎቹን ካወረደ በኋላ ሌላ ጭነት ለመውሰድ በፍጥነት ይወርዳል። ተራ ዘላይ ከእርሱ ቀድሞ ስለሚወድቅ ብዙም አያሳስበውም፤ የዊንግሱት በራሪ ግን በዝግታ ስለሚወርድና ወደ ፊት ስለሚሄድ የአውሮፕላኑ ጎረቤት ሆኖ ይቆያል። በጁላይ 2018 በደቡብ ፈረንሳይ ቡሉክ አንኬርሲ አካባቢ የደረሰው አደጋ ይህን አሳይቷል። አንድ የዊንግሱት በራሪ ከዘለለ ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ የዘለለበት አውሮፕላን እየወረደ መጥቶ ክንፉ ገጨውና ሞተ። በ2024 ፍርድ ቤት አብራሪውን ባለማወቅ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ብሎ የታገደ የእስራት ቅጣት ወስኖበታል። በችሎቱ ከተነሱት ነጥቦች አንዱ በአብራሪውና በዘላዮቹ መካከል ስለ በረራው መስመር በቂ ንግግር አለመደረጉ ነበር። «እናንተ ወዴት ትሄዳላችሁ? እኔ በየት ልውረድ?» የሚለው የአንድ ደቂቃ ጥያቄ በብዙ የዝላይ ሜዳዎች የመሳፈሪያ ሥርዓት አካል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ይረሳል።

መቅረብና መለያየት

አንድ በራሪ ወደ ቅርጹ የሚገባው ከጎንና ትንሽ ከኋላ፣ ከቅርጹ ጋር በእኩል ከፍታ ሆኖ ነው። በመጀመሪያ ከቦታው ራቅ ብሎ ጎን ለጎን ይበርና ፍጥነቱን ከቅርጹ ጋር ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይጠጋል። ከላይ ወደ ቅርጹ መወርወር የተከለከለ ነው፤ ቁልቁል የመጣ ሰው ፍጥነቱን ለማብረድ ክንፉን ሲከፍት ልብሱ ወደ ላይና ወደ ፊት ይወስደዋል እንጂ እንደ መኪና ፍሬን አያቆመውም። ወደ መሪው ሳይሆን ከመሪው ጎን ወዳለ ባዶ ቦታ ማነጣጠርም የተለመደ ምክር ነው፤ ሰው ወደሚያየው ነገር የመሄድ ጠባይ አለውና፣ ስህተት ቢፈጠር በባዶው ቦታ ያልፋል።

ከማንም በላይና ከማንም በታች በቀጥታ አለመብረርም እንዲሁ ነው። ከሰው ጀርባ በላይ ያለው አየር የተረበሸ ስለሆነ የገባበት ሰው ክንፉ በድንገት ባዶ ይሆንና በታችኛው ላይ ይወድቃል። ጎረቤቱን ከዓይኑ ያጣ ሰው ሌላውን ለመፈለግ ዞር ዞር አይልም፤ ቀጥ ብሎ፣ ከቅርጹ ወደ ውጭ በሚወስደው አቅጣጫ ይበራል። ተመልሶ ለመግባት መሞከር ቢያምረውም ያ ዝላይ ለእርሱ አብቅቷል ብሎ መተው ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ነው።

በአየር ላይ የሚደርስ ግጭት ከሁሉ የከፋ የሚሆነው ራስን ሲያስት ነው። ፓራሹት ዘላዮች ለዚህ የሚተማመኑበት ራሱን በራሱ የሚከፍት መሣሪያ አላቸው። በ1991 ገበያ ላይ የዋለው የጀርመኑ ሳይፕረስ ከእነዚህ በጣም የታወቀው ሲሆን፣ የልምድ ዘላዮች ዓይነቱ ተጠባባቂውን ፓራሹት የሚከፍተው ዘላዩ ከምድር በ225 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወረደ ከሆነ ነው። 35 ሜትር በሰከንድ ማለት በሰዓት 126 ኪሎሜትር ነው። ክንፉን የዘረጋ የዊንግሱት በራሪ ግን የሚወርደው ከዚህ ባነሰ ፍጥነት ነው። መሣሪያው ፍጥነቱን ሲለካ ሰውየው ፓራሹቱን ከፍቶ በሰላም የሚወርድ መስሎት ዝም ሊል ይችላል። በራሪውን አየር ላይ የሚያቆየው ልብስ፣ ራሱን ቢስት የመጨረሻ መድኅኑን ሊነጥቀው ይችላል ማለት ነው። ብዙዎች መሣሪያውን ቢይዙም፣ ሄልሜት ቢያደርጉም፣ የቡድን በረራ ዕቅድ የሚወጣው መሣሪያው እንደማይሠራ ታስቦ ነው።

የመለያያው ከፍታ ከመሳፈር በፊት ይወሰናል። ቡድኑ በበዛ ቁጥር ከፍታው ከፍ ይላል፤ ሁሉም ለመራቅ ጊዜ ይፈልጋልና። በምልክቱ ጊዜ የውጭዎቹ መጀመሪያ፣ የውስጦቹ በኋላ እንደ ማራገቢያ ወደ ውጭ ይዘረጋሉ። መሪው ቀጥ ብሎ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ሰው ፓራሹቱን ከመክፈቱ በፊት እግሩን ወይም እጁን እያንቀሳቀሰ ከኋላው ላለ ሰው ምልክት ይሰጣል። በክንዱ ላይ ካለው አልቲሜትር ሌላ በሄልሜቱ ውስጥ በተወሰነ ከፍታ የሚጮህ ሁለተኛ መለኪያ አለው፤ ዓይኑ በጎረቤቱ ላይ የተተከለ ሰው ክንዱን ማየት ይረሳል።

የፓራሹት አከፋፈት

ዘላዩ ዋናውን ፓራሹት የሚያወጣው ትንሿን መሳቢያ ፓራሹት ከወገቡ ሥር መዝዞ ወደ አየር በመጣል ነው። የዊንግሱት ሰፊ ክንፍ ከጀርባው የተረበሸ አየር ይፈጥራል፤ መሳቢያዋ እዚያ ውስጥ ከወደቀች አየር ሳትይዝ ትንሳፈፋለች። ለዚህ ነው የዊንግሱት በራሪዎች ረዘም ያለ የመሳቢያ ገመድ የሚጠቀሙት። ሲከፍቱም ሁለቱን እጅ እኩል ይሰበስባሉ፣ እግራቸውን ያጥፋሉ፤ አንድ ክንፍ ብቻ ተዘርግቶ ከቀረ ሰውነት ይሽከረከርና የፓራሹቱ ገመዶች ይጠማዘዛሉ። የፓራሹቱ ምርጫም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ትንንሽና ፈጣን ፓራሹቶች በተጠማዘዘ ገመድ ሥር በኃይል ስለሚሽከረከሩ፣ ረጋ ብሎ የሚከፈት ሰፋ ያለ ፓራሹት ይመረጣል።

ፓራሹቱ ከተበላሸ ዋናውን ቆርጦ ተጠባባቂውን መክፈት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር (ዩ.ኤስ.ፒ.ኤ.) ይህ ውሳኔ ለጀማሪዎች ከ760 ሜትር፣ ልምድ ላላቸው ደግሞ ከ550 ሜትር ገደማ በታች እንዳይዘገይ ይመክራል። የዊንግሱት በራሪ እጆች በልብሱ ስለተያዙ ወደ ላይ ወዳሉት ገመዶች የሚደርሱት ዚፑ ሲከፈት ነው፤ ይህም ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል። ስለዚህ ጀማሪዎች ፓራሹታቸውን በ1,500 ሜትር ገደማ ይከፍታሉ፤ ይህም ከተራ ዘላይ ልማድ ከፍ ያለ ነው።

ከመሳፈር በፊት የሚደረግ አንድ ምርመራ በዚህ ስፖርት የተለየ ክብደት አለው። ልብሱ የፓራሹት መታጠቂያውን ይሸፍነዋል፤ በጭን ዙሪያ የሚታሰሩት ሁለት ማሰሪያዎች ከውጭ አይታዩም። የልብሱ የእግር ክንፍ ራሱ ጭንን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዝ፣ ማሰሪያውን ረስቶ የቀረ ሰው የታሰረ ይመስለዋል። ፓራሹቱ ሲከፈት ግን ከመታጠቂያው ሾልኮ ሊወጣ ይችላል። በመሆኑም ልብሱ ከመዘጋቱ በፊት ራስን፣ ከተዘጋ በኋላም በእጅ ዳስሶ ጎረቤትን መፈተሽ ሥርዓት ሆኗል።

ማን መብረር ይችላል

በዩ.ኤስ.ፒ.ኤ. ደንብ መሠረት ዊንግሱት ለብሶ ለመዝለል ፈቃድና ቢያንስ 200 ዝላዮች ያስፈልጋሉ። ብዙ አገሮችም ተቀራራቢ ቁጥር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ በአምስት ዓመት ተበታትኖ የተገኘ 200 ዝላይና በአንድ ወቅት የተከማቸ 200 ዝላይ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው በረራ ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ብቻ ይደረጋል። ተማሪው በምድር ላይ ልብሱን ለብሶ መውጣትን፣ መክፈትን፣ ዚፕ መፍታትንና ከጠፍጣፋ ሽክርክሪት መውጣትን ደጋግሞ ይለማመዳል። ጠፍጣፋ ሽክርክሪት ማለት በራሪው ሚዛኑን ስቶ በጀርባው ወይም በደረቱ እንደ ፈሪራ ሲዞር ነው፤ መፍትሔው ክንፎቹን መሰብሰብ ነው። ደመ ነፍስ ግን ክንፍን አጥብቆ መዘርጋትን ያዛል፤ ልምምዱ የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሆኖ፣ ቀጥሎ ሦስትና አራት ሆኖ መብረር ይመጣል። ለትልልቅ ቅርጾች አዘጋጆቹ የሚጋብዙት የዝላይ ብዛትን አይተው ብቻ ሳይሆን ቪዲዮ ተመልክተው ነው። በቪዲዮው የሚፈልጉትም ልዩ ትርኢት ሳይሆን ተጠግቶ ጸጥ ብሎ የመቆየት ችሎታን ነው። በአንድ ትንሽ ቡድን ውስጥ አንድ ጀማሪ ቢኖር ዕቅዱ ለእርሱ ተብሎ ይወጣል። ሁለት ጀማሪዎች ያለ አሠልጣኝ አብረው መብረራቸው ደግሞ ከታወቁት የችግር ምንጮች አንዱ ነው፤ አንዱ የሌላውን ስህተት ለማረም የሚያስችል ትርፍ ችሎታ የለውምና።

ከተራራ የሚደረገው በረራ

በቪዲዮ በብዛት የሚታየው በገደል ጥግ የሚደረገው በረራ ቤዝ ጃምፒንግ ከሚባለው ዘርፍ ነው። እዚያ የሚዘለለው ከአውሮፕላን ሳይሆን ከተራራ ነው፤ ተጠባባቂ ፓራሹት አብዛኛውን ጊዜ አይያዝም፤ ከዓለትና ከዛፍ ያለው ርቀት በሜትር ይቆጠራል። በሜይ 16 ቀን 2015 ታዋቂው ተራራ ወጪ ዲን ፖተርና ግራሃም ሃንት ዮሰሚቲ ውስጥ ከታፍት ፖይንት አብረው ዘልለው ሁለቱም ሞተዋል። በሕዝብ ዘንድ ዊንግሱት ሲባል የሚታሰበው ይህ ዓይነቱ ነው፤ ከአውሮፕላን የሚደረገው የቡድን በረራ አደጋ ግን ሌላ ምክንያትና ሌላ መከላከያ ስላለው ሁለቱን በአንድ መቁጠር ስህተት ላይ ይጥላል።

ደመናና ማረፊያ

በደመና ውስጥ መዝለል በአብዛኞቹ አገሮች የተከለከለ ነው፤ ለዊንግሱት ቡድን ደግሞ ክልከላው ከደንብ በላይ ነው። ደመና ውስጥ የገባ ቅርጽ ውስጥ ማንም ማንንም አያይም፤ ሁሉም ግን መብረሩን ይቀጥላል። በዕቅዱ መስመር ላይ ደመና ከታየ መሪው ቅርጹን ይመልሳል ወይም መለያያውን ያስቀድማል።

ብዙ ርቀት መሸፈን ስለሚቻል ከሜዳው ውጪ ማረፍ በዚህ ዘርፍ የተለመደ ነው። ንፋሱ ከተጠበቀው በላይ የበረታ እንደሆነ ወደ ሜዳው ለመድረስ ሲሉ ዝቅ ብሎ መክፈት የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ከሩቅ እርሻ ላይ አርፎ በእግር መመለስ ግን ጉዳት የለውም። በራሪዎች ስለዚህ ስልክ ይዘው ይዘላሉ፤ በሜዳው ዙሪያ ያሉ አማራጭ ማረፊያዎችን፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ውኃ ያለባቸውን ቦታዎች አስቀድመው ያጠናሉ። ከምድር የሚጠብቅ ሰው የተከፈቱትን ፓራሹቶች ይቆጥራል፤ አራት ሰው ከወጣ አራት ፓራሹት መታየት አለበት። ሁሉም አርፈው ከተሰበሰቡ በኋላ የቡድኑ መሪ ስም እየጠራ ይቆጥራል።